የሳተላይት ማምጠቅ አገልግሎትና የጅማ ቡና መሬት

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን የማምጠቂያ ማዕከል ወደ ህዋ መላኳ ይታወሳል። በዕለቱ ትኩረት ያገኘችው ሳተላይቷ ስትሆን፣ ተሸክሟት ስለወጣው ሮኬት የተባለው ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ የጅማ ዞን የግብርና ባለሙያ ከህዋ የሚጠብቀው ምስል በስንት ሰዓት እንደሚነሳ በአብዛኛው የሚወሰነው በማምጠቂያ ውሉ ነው።

ነገሩን ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ቡና የሚያስጭን ነጋዴ በቀላሉ ይረዳዋል። ጥቂት ኩንታል ብቻ ያለው ሰው መኪና ለብቻው አይኮናተርም፤ በሌላው ጭነት ላይ ይደርባል። ኪራዩ ይቀልለታል፤ የመነሻውን ቀንና መንገዱን የሚወስነው ግን ዋናው ባለጭነት ነው። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የኢትዮጵያ ሳተላይትም በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት የወጣችው 1 ሺህ 730 ኪሎ ግራም ከሚመዝን የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ጋር ተደርባ ነው። ከምድር 628 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውና ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ የሚያልፈው ምህዋር የተመረጠው ለዋናው ጭነት ነበር። ከጠቅላላ ወጪው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ 6 ሚሊዮኑን ቻይና መሸፈኗ ሲታሰብ፣ ይህ የሚያስወቅስ ምርጫ አይደለም።

በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛዋ ሳተላይት ኢ.ቲ.-ስማርት-አር.ኤስ.ኤስ. ከዌንቻንግ ማዕከል ከሌሎች 4 ሳተላይቶች ጋር መጠቀች። ሮኬቱ መካከለኛ አቅም ያለው ሎንግ ማርች 8 ሲሆን፣ 50 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሲነሳ 356 ቶን ይመዝናል፤ 4 ነጥብ 5 ቶን ያህል ጭነት 700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ምህዋር ያደርሳል። በረራው የሮኬቱ የመጀመሪያ ነበር፤ ያልተፈተነ ሮኬት ላይ መሳፈር ደግሞ የራሱ ስጋት አለው። ደግነቱ ተሳካ። ይኸው ሮኬት በየካቲት 2014 ዓ.ም. 22 ሳተላይቶችን በአንድ ጊዜ አድርሷል።

ጥያቄው የሚከብደው ወደ ጎማና ጌራ ወረዳዎች ሲወረድ ነው። እዚያ ቡናው የሚበቅለው በጥላ ዛፍ ሥር ስለሆነ፣ 13 ነጥብ 7 ሜትር ጥራት ያለው ካሜራ የሚያየው የዛፉን አናት እንጂ ቡናውን አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ፍሬው በሚያድግበት ወቅት ደግሞ ደመናው መሬቱን ይጋርደዋል። የደን ሽፋንን ግን ካሜራው በሚገባ ያሳያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። የሕጉ ተፈጻሚነት በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ የተቆረጠው ቀን አልተቀየረም፤ ከሁለተኛዋ ሳተላይት መምጠቅ በ9 ቀን ብቻ ይዘገያል።

የመጀመሪያዋ ሳተላይት እንድታገለግል የታቀደው ለ2 ዓመት ብቻ ነበር። በመሆኑም ቀጣዩ የማምጠቂያ ውል ከመፈረሙ በፊት የምህዋሩ ሰዓትና ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር አስፈላጊነት ከቡና አምራች ወረዳዎች ጽሕፈት ቤቶች ጋር መመከር ይኖርበታል፤ ሮኬቱ ከተነሳ በኋላ ምህዋርን በእጅጉ መቀየር ለትንሽ ሳተላይት አዳጋች ነውና።