በረኪና ወጥ አይደለም፣ ቅመም አይጨመርበትም

ሰሞኑን የወጣ አንድ የቤት አያያዝ ጽሑፍ፣ በረኪና ላይ አቼቶ ወይም ሎሚ ቢጨመር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ የሚሰነፍጠው ሽታም የመሥራቱ ምልክት ነው ይለናል።

ጸሐፊው ሆይ፣ ያ ሽታ የክሎሪን ጋዝ ነው! በረኪና አሲድ ሲነካው የሚለቀው ይኸው ጋዝ በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ፣ ኢፕር ላይ፣ የጦር መሣሪያ ሆኖ ወታደር ፈጅቷል። መስኮት በሌለው ሽንት ቤት ተንበርክካ ወለል የምትፈትግ ሴት ምን ይዋጣት? የመጸዳጃ ቤት አሲድም ያው ነው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ደግሞ ሌላ መርዝ፣ ክሎራሚን ይወልዳል።

ጉልበት ከተፈለገ መንገዱ ሌላ ነው። ቆሻሻ በረኪናን ያደክመዋልና፣ መጀመሪያ በኦሞ አጥቦ በደንብ ማለቅለቅ። ከዚያ መስኮት ከፍቶ፣ ጓንት አጥልቆ፣ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንዱን እጅ በ49 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መቀባትና 10 ደቂቃ ማቆየት። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም፤ ኃይሉ ይከዳል። በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ማስቀመጥማ ለተጠማ ሕፃን ወጥመድ መዘርጋት ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ጋዝ ግን አይለቀምም።