ጥቁር ባንዲራ

ለግብርና ስልጠና እስራኤል የሄደ አንድ የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን ቴል አቪቭ ባሕር ዳርቻ የተነሳውን ፎቶ ላከልኝ። የካምባ ልጅ፣ ሜዲትራኒያን ዳር! ደስ ብሎኝ «ዋኘህ ወይ?» ብዬ ጻፍኩለት። «አይ ቲቸር፣ ዛሬ ጥቁር ባንዲራ ነው የተሰቀለው» አለኝ።

እዚያ ነጭ ከሆነ ይዋኛል፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ክልክል። ማማ ላይ የተቀመጠው ነፍስ አድን ሠራተኛ ራቅ ያለውን ሁሉ በድምፅ ማጉያ ይጮህበታል አሉ። ውኃው ወደ ጥልቁ ከጎተተህም ፊት ለፊት አትታገለውም፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኘህ ከጎታቹ ትወጣለህ።

ይህን ሳነብ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት ተማሪዎች ይዤ ከካምባ ወደ አርባ ምንጭ ወርጄ ነበር። አብዛኞቹ ሐይቅ አይተው አያውቁም። ጫሞ ዳር ገና ከመኪና እንደወረዱ ሁለቱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ወደ ውኃው ሮጡ። አንድ ዓሣ አስጋሪ በጋሞኛ ጮኾ ነው የመለሳቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ «አዞ ገበያ» ሳወራላቸው የመጣሁት ሰውዬ፣ አዞ ገበያው ላይ ብቻ እንደማይውል አልነገርኳቸውም!

አንዳንዱ ሰው «ውኃ አትጠጉ ማለት ይበቃል» ይላል። አይበቃም። ሰው ውኃ ይቀዳል፣ ልብስ ያጥባል፣ ያጠምዳል። በ2010 ዓ.ም. አባያ ዳር ምእመናን ሲያጠምቁ የነበሩ ፓስተር በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው አልፏል። የእኛ ሐይቆች አደጋ እንደ ባሕሩ በሞገድ አይታይም። አዞ የሚያደባው ዳር ላይ ነው፣ ውኃው ጉልበት እንኳ በማይደርስበት። አባያ ደግሞ በደለል የቀላ ስለሆነ ከሥር ያለውን አያሳይም። ጉማሬውም አለ። ቢልሃርዚያን ማንም አያነሳውም፤ ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ትል ግን በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፣ አያምም፣ አይታወቅም። የባሕር ውኃ ውስጥ ይሄ የለም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። ዋና መማር ገንዳ ውስጥ ይሁን። (ለካምባ ገንዳ ሕልም መሆኑን አውቃለሁ፤ አርባ ምንጭ የሚማሩት ግን ዕድሉን ካገኙ ይጠቀሙበት።) ጫሞ ላይ ተማሪ የሚያሳፍር መምህር፣ ሁሉም የሕይወት አድን ጃኬት ካልለበሰ ጀልባው አይነሳ። «ቅርብ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ጉዞው ሳይጀመርም፣ ገና ትምህርት ቤት እያላችሁ፣ ስለ ዳርቻው ንገሯቸው። ሐይቁን ካዩ በኋላ የሚሰማችሁ የለም፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ሌላው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ነው። መኪና የሚቆምበት ቦታ ሁሉ፣ በጋሞኛና በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ የአዞ ሥዕል። ይሄ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ቆርቆሮና አንድ ጣሳ ቀለም ነው።

ከእናንተ ከተማሪዎቼ መካከል ዛሬ አርባ ምንጭ ቢሮ ውስጥ የተቀመጣችሁ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ቀለሙን እኔ እገዛለሁ። ፈቃዱን እናንተ ጨርሱልኝና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።