600 ዶላር ለአንድ ዙር ጎልፍ?

አሜሪካ የሚኖር የኮሌጅ ጓደኛዬ ጎልፍ ለምዷል። ካሊፎርኒያ ፔብል ቢች ሄዶ ለመጫወት ብር እያጠራቀመ ነው። "ያዋጣል ወይ?" አለኝ። ጎልፍን በቲቪ እንጂ በእጄ አላውቀውም፤ ግን የሂሳብ መምህር ነኝና አሰላሁለት።

ክፍያው ከ600 ዶላር በላይ ነው። ለ18 ጉድጓድ ስታካፍለው አንዷ ጉድጓድ ከ33 ዶላር ትበልጣለች! ቀደም ብለህ ቀን ለማስያዝ ደግሞ እዚያው ሪዞርት ማደር አለብህ፤ ኪስ የሚያራግፈው እሱ ነው። ባህሩ ያምራል፣ ታይገር ዉድስም በ2000 ዩኤስ ኦፕንን በ15 ምት ልዩነት ያሸነፈው እዚያ ነው፤ አልካድኩም። ግን ታይገር የመታበት ሣር ላይ ስለቆምክ ምትህ አይስተካከልም።

ኒውዮርክ ውስጥ ቤትፔጅ ብላክ የሚባል ሜዳ አለ። የስቴቱ መንግሥት ፓርክ ነው። በ2002 እና በ2009 ያው ዩኤስ ኦፕን ተካሂዶበታል። በሥራ ቀን ለስቴቱ ነዋሪ ከ100 ዶላር በታች ነው፤ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ይወደዳል፣ ቢሆንም ፔብል ቢችን አያክልም። ሰው ተራ ለመያዝ መኪናው ውስጥ ያድራል። (ሜዳው በጣም ከባድ ስለሆነ ጎበዝ ያልሆነ ባይሞክረው የሚል ማስጠንቀቂያም ተለጥፏል። እኛ የማትሪክ ፈተና በር ላይ ብንለጥፈው ስንቱ ይመለስ ነበር!)

ውድ ሁሉ ዘረፋ ነው አልልም። የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስም ውድ ነው፤ ግን የሕዝብ መሬት ነው፣ እሁድ እሁድ ጨዋታ ቆሞ የከተማው ሰው ይንሸራሸርበታል። ለሱ ብከፍል አይቆጨኝም። ፔብል ቢች ግን ስምና ባህር ነው የሚሸጥልህ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መኪናህን ወደ ኒውዮርክ አዙር። የተጫወታችሁ ዳያስፖራዎች ካላችሁ እስቲ ኮሜንት ላይ ተከራከሩኝ።