አራት ለሁለት

ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ የኳስ ጨዋታ ነው። ጨዋታው የተደረገው አዲስ አበባ ነው። ቀኑ እሑድ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው።

የገናን ጨዋታ የወግዲ ሰው ያውቀዋል። እሩሯ በዱላ ትመታለች። ደቂቃ የሚቆጥር የለም። ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። እግር ኳስ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ወገን 11፣ በሌላው ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሷን በእጁ የሚይዛት በረኛው ብቻ ነው። ጊዜው 90 ደቂቃ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፋ በኋላ ይግባኝ የለም።

በዚያ ቀን የተጋጠሙት ኢትዮጵያና ግብፅ ነበሩ። ግጥሚያው ለአፍሪካ ዋንጫ ነው። ከዚያ በፊት ዋንጫውን ሁለት ጊዜ የወሰደችው ግብፅ ናት። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና 4 ለ 0 አሸነፈችን። በሁለቱ ጨዋታ ስንት ጎል ገባብን? እስቲ ደምሩት። 8 ነው። እኛ ያገባነው አንድም የለም። እንግዲህ በሦስተኛው ቀን ሰው ቢሰጋ ምን ይገርማል?

የእኛ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አባታቸው በግጥምና በዘፈን ስማቸው የታወቀው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የቡድኑ አምበል ደግሞ የአስመራው ልጅ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። አምበል ማለት የተጫዋቾቹ አለቃ ነው። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል።

ጨዋታው ተጀመረ። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ የሚባለው የግብፅ ተጫዋች አገባ። 1 ለ 0። እረፍት ሆነ፣ ተመለሱ፤ ጊዜው ይሄዳል፣ ጎል የለም። በ74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ አገባች። አቻ ሆኑ። ደስታው ግን አንድ ደቂቃ ብቻ ቆየ። በ75ኛው ደቂቃ ያው ባዳዊ ደገመ። 2 ለ 1።

ከዚህ በኋላ ብዙ ቡድን ወገቡ ይቆረጣል። እነዚህ ግን አልተቆረጡም። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ አገባ። ከ90 ላይ 84 ቀንሱ። የቀረው 6 ደቂቃ ነበር! ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ 2 ለ 2 ነበሩ።

ታዲያ ዋንጫው ለማን ይሰጥ? ለሁለት አይቆረጥ ነገር! በእግር ኳስ ሕግ 30 ደቂቃ ተጨመረ። ድካሙን አስቡት። ቀኑን ሙሉ ያረሰ ሰው እንደገና ጥማድ ሲባል ማለት ነው። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ አገባ። በዚያ ቀን ኢትዮጵያ ስትመራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። 3 ለ 2 ግን ሰው አያስተኛም፤ አንዲት ኳስ ብትገባ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ሊያልቅ 3 ደቂቃ ሲቀረው፣ በ117ኛው ደቂቃ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገባ። አለቀ። 4 ለ 2።

ዋንጫውን ለሉቻኖ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ያንን ዋንጫ አላገኘችም።

አሁን ስሞቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ ይድነቃቸው፣ ሉቻኖ፣ ኢታሎ፣ መንግሥቱ። ቫሳሎ በሚለው ስም ውስጥ ያለችው «ቫ» ከውጭ ለመጣ ስም የምንጽፋት ፊደል ናት። «ባ»ን ጽፋችሁ አናቷ ላይ ሰረዝ ጨምሩባት።