ሸክሙ ለአንድ፣ ጌጡ ለአምስት

ቦታው ምዕራብ ጎጃም፣ ሽንዲ ከተማ ነው እንበል። ሌሊት ነው። ከገጠር ቀበሌ በቃሬዛ የመጣች ወላድ ደሟ አልቆም ብሏል። ተረኛው ጤና መኮንን፣ አዋላጅ ነርሷና የላቦራቶሪ ባለሙያው ሦስቱም በየኮሌጃቸው ጥሩ ውጤት ያመጡ ናቸው። የኦክሲቶሲንን መጠን በቃላቸው ያውቁታል። የእንግዴ ልጁ ግን ሙሉ በሙሉ ወጥቷል? የመድኃኒቱ ማቀዝቀዣ መብራት ጠፍቶበት ሰንብቶ ከሆነስ? ኦክሲቶሲን ሙቀት ከበዛበት አቅሙን ያጣልና። ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መላክ ቢያስፈልግስ መንገዱ ክፍት ነው? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም።

እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይመልሳቸውም። ለመሆኑ ሦስቱን አብሮ ማሰብ ያስተማራቸው ማን ነው?

ካናዳ የሚገኘው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያዎቹን የሕክምና ተማሪዎች ሲቀበል «በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት» የሚባለውን ዘዴ ይዞ ተነሣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ለጥቂት ተማሪዎች የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ይሰጣቸዋል። የሚያውቁትን ይናገራሉ፤ የማያውቁትን ይመዘግባሉ፤ አንብበው ተመልሰው ይከራከራሉ። መምህሩ ይጠይቃል እንጂ ኖት አያጽፍም።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ያሰማራ ነበር። ጅማም ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ አስተምሯል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም ሲጀምር ዘዴው በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ተካቷል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? አንደኛ፣ ዘዴው ለእያንዳንዱ ትንሽ ቡድን አንድ አወያይ መምህር ይፈልጋል፤ እኛ ግን ተማሪውን ከመምህሩ ቀድመን አበዛን። ሁለተኛ፣ በዚያው ሰሞን በየዩኒቨርሲቲው የተዘረጋው «አንድ ለአምስት» የቡድን ትምህርትን ስም አበላሸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። በ«አንድ ለአምስት» ግን ብዙ ጊዜ ጎበዙ ሸክሙን ተሸክሞ አምስቱ ማርኩን ወሰዱ።

«ተማሪያችን ያደገው በሽምደዳ ነው፤ ክርክር አይሆንለትም» የሚሉ አሉ። እዚያው ጎጃም ያሉትን የቅኔ ቤቶች፣ እነዋሸራን፣ ማስታወስ ይበቃል። ቅኔ ቤት ውስጥ የሌላውን ቅኔ ደግሞ መቅረብ ነውር ነው። ተማሪው የራሱን ይቆጥራል፤ መምህሩ ያርመዋል።

ሌላው ተቃውሞ ግን ሚዛን አለው። ዘዴው ውድ ነው፤ በጽሑፍ ፈተና ሲመዘንም ከሌክቸር ያን ያህል ብልጫ አላሳየም። ይሁን እንጂ የጽሑፍ ፈተና የሚለካው ሽንዲ ላይ ያነሣነውን ጥያቄ ነው? እኛ በሕግ ትምህርት ቤት አንቀጽ ሸምድደን አልፈናል፤ ባለጉዳይ ግን አንቀጽ ቁጥር ይዞ አይመጣም። ሕመምተኛም በምዕራፍ ተከፋፍሎ አይመጣም።

በእኔ እምነት መፍትሔው የሚጀምረው ከፈተናው ነው። የሙያ ፈቃድ ምዘናው በምርጫ ጥያቄ ላይ እስካተኮረ ድረስ ተማሪው የሚያጠናው መልሱን እንጂ ሕመምተኛውን አይደለም። ቀጥሎ አወያይ መምህራን ይሠልጥኑ። የጤና መኮንን፣ የአዋላጅና የላቦራቶሪ ተማሪዎችም በአንድ ሕመምተኛ ጉዳይ ላይ አብረው ይቀመጡ፤ በእነቡሬና ሽንዲ ባሉ የጤና ተቋማትም አብረው ይለማመዱ። ሦስቱ ባለሙያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚያስቡት ወላዷ ደም እየፈሰሳት መሆን የለበትም።