ታጋዩ በሚዛን ፊት

ከሆለታ ሜዳ ተነሥቶ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አልፎ እስከ አምቦ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ጉደርና እስከ ጌዶ በሚዘልቀው በምዕራብ ሸዋ መስክና ጨፌ ላይ፣ ከብቱ ሣሩን ሲግጥ እረኞችና ጎረምሶች ወገብ ለወገብ ተያይዘው መታገላቸው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ልማድ በመሆኑ፣ በአማርኛ ትግል፣ በኦሮምኛ ወልአንሶ የሚባለው ይህ ጨዋታ ለዚህ አገር ልጅ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በመስኩ ትግል ተጋጣሚን የሚመርጠው የታላላቆች ዐይን ነበር፤ እኩያው ከእኩያው፣ ቁመቱ ከቁመቱ፣ ጉልበቱ ከጉልበቱ ተገምቶ ይሰጥ ነበርና፣ ልጁ ለትግል የሚወጣው በልቶና ጠጥቶ እንጂ ለመታገል ሲል ተርቦና ተጠምቶ አልነበረም። አሁን ግን ትግል ከባህል ስፖርቶቻችን ጋራ ተቈጥሮ ደንብ ሲወጣለትና ተወዳዳሪው በኪሎ ግራም ሲከፈል፣ የታላላቆቹ ዐይን በሚዛን ተተክቷል።

ሚዛኑን አልነቅፍም። በክብደት መከፈል የተሠራው ደካማውን ከብርቱው ጡጫና ውርወራ ለማዳን ስለሆነ፣ በመሠረቱ የርትዕ ሥራ ነው። በኦሊምፒክ ነፃ ትግል ወንዶች በ57፣ በ65፣ በ74፣ በ86፣ በ97ና በ125 ኪሎ፣ ሴቶችም በ50፣ በ53፣ በ57፣ በ62፣ በ68ና በ76 ኪሎ የሚከፈሉት ለዚሁ ነው፤ የእኛም ሰሎሞን ቱፋ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ ሲሰለፍ ከ58 ኪሎ በማይበልጡት መካከል ነበር። ጀልዱ ያበቀለው ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን የብር ሜዳልያ ሲወስድ ግን ስንት ኪሎ ነህ ብሎ የጠየቀው ዳኛ አልነበረም፤ በሩጫ የታወቀው አገራችን የሚዛንን ፈተና ገና አልለመደውም፣ ስለዚህም ክፉው ልማድ ከሚከለክለው ደንብ ቀድሞ እንዳይገባብን እፈራለሁ።

ክፉው ልማድ ይህ ነው። ስድሳ ሦስት ወይም ስድሳ አራት ኪሎ የሚመዝን ወጣት፣ ወደ ታችኛው ክፍል ብወርድ ከእኔ የሚያንስ ሰው አገኛለሁ ብሎ ያስባል፤ ውድድሩ ሲደርስም ጮማን በሦስትና በአራት ቀን ማቅለጥ የማይቻል በመሆኑ፣ ከሰውነቱ ፈጥኖ የሚወጣውን ነገር፣ ውኃውን፣ ማፍሰስ ይጀምራል። በልብሱ ሥር ላስቲክ ለብሶ በቀትር ፀሐይ ይሮጣል፤ ጕሮሮው እየደረቀ ውኃ ይከለከላል፤ ምራቁን እየተፋ ያድራል፤ የባሰበትም ሽንት የሚያበዛ ወይም ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይውጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ትጉህ ሆኖ ነው፤ ነገሩንም አሳዛኝ የሚያደርገው ይኸው ነው።

የቀደሙ መምህራኖቻችን፣ ሰው በሥጋው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ ብለው ሲያስተምሩ፣ አንዱ ባሕርይ ከልኩ ሲጐድል ሌሎቹ መታወካቸው እንደማይቀር ጨምረው ያስረዱ ነበር፤ የዛሬው የሕክምና ትምህርት በሌላ መንገድ መጥቶ ስለ ታጋይ የሚነግረን ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ወጣት ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ፣ ማለት 1.2 ኪሎ ያህል ውኃ ሲጐድልበት የመጽናት ዐቅሙ መውረድ ይጀምራል፤ ጉድለቱ ከመቶ አምስት እጅ፣ ማለት 3 ኪሎ ሲደርስ፣ በሥሩ የሚዘዋወረው ደም ስለሚያንስ የልቡ ትርታ ይፈጥናል፣ ላቡም ስለሚነጥፍ ሰውነቱ ሙቀቱን የሚያስወጣበት በር ይዘጋበታል፤ ውኃው ሲጐድል እሳቱ ያይላል እንደማለት ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ፣ ሆለታም ከዚያ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች፣ በዚህ በደጋውና በወይና ደጋው ቀጭን አየር፣ ይልቁንም በበጋው ደረቅ ወራት፣ ሰው ሲተነፍስ ብቻ የሚያወጣው ርጥበት ከቆላው ይበዛል፤ አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑም ጥሙን ያስረሳዋል።

ሌላም አለ። በጡንቻና በጉበት ተከማችቶ የሚኖረው፣ ሊቃውንቱ ግላይኮጅን የሚሉት የኀይል ስንቅ፣ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ ልጁ ከእህል ተከልክሎ በሁለት ቀን ያወረደው ክብደት እንግዲህ ይበልጡን ይህ ስንቅና ከስንቁ ጋራ ያለው ውኃ ነው። በሚዛኑ ላይ አሸነፍኩ ብሎ የሚደሰተው ወጣት ለትግሉ ያሻው የነበረውን ስንቅ አስቀድሞ ጥሎት ይገባል። ከተመዘንኩ በኋላ ጠጥቼና በልቼ እመልሰዋለሁ የሚለውም ሐሳብ አያድነውም፤ ሆዱ በአንድ ሰዓት ቢሞላ ደሙና ጡንቻው እስኪረኩ ድረስ አንድ ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ሊፈጅ ይችላልና።

ይህ በንግግር ብቻ የሚያስፈራ ነገር እንዳይመስለን፣ በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ከጥቅምት 28 እስከ ኅዳር 30 ቀን፣ በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ውስጥ፣ በካምቤል፣ በዊስኮንሲን ላ ክሮስና በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ሦስት ወጣት የትግል ስፖርተኞች፣ አየር የማያሳልፍ ልብስ ደርበው በሞቀ ስፍራ እየሠሩ ኪሎ ሲቀንሱ ሞቱ። ሦስቱም ጤነኞች፣ ሦስቱም ብርቱዎች ነበሩ፤ በአጠገባቸውም ለእኛ ገና ያልደረሰን ሐኪምና መሣሪያ ነበረ። የዩኒቨርሲቲዎቹ የስፖርት ማኅበር ከዚያ በኋላ ላስቲክ ልብስን፣ የእንፋሎት ቤትን፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትን ከለከለ፤ መመዘኛውን ወደ ውድድሩ ሰዓት አቀረበው፤ እያንዳንዱ ታጋይም በውድድሩ ዘመን መጀመሪያ ላይ ውኃው ሳይጐድል ተመዝኖና ጮማው ተለክቶ፣ የጮማው መጠን ከመቶ አምስት እጅ በታች እንዳይወርድ፣ በሳምንትም ከክብደቱ ከመቶ አንድ ተኩል እጅ በላይ እንዳይቀንስ ደነገገ። እኔ ከዚህ ሁሉ የማደንቀው የመመዘኛውን ሰዓት ማቅረባቸውን ነው፤ ተመዝኖ ወዲያው የሚታገል ሰው ደርቆ መምጣት እንደማይጠቅመው ራሱ ያውቃልና።

በቅርቡም በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ፣ ሕንዳዊቷ ቪኔሽ ፎጋት በ50 ኪሎ ለፍጻሜ ከደረሰች በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን ጧት በተደረገው ሁለተኛ ሚዛን 100 ግራም በልጣ በመገኘቷ ከውድድሩ ተሰረዘች። ከዚያ በፊት በ53 ኪሎ ትታገል የነበረች ሴት፣ ሌሊቱን ሳትበላና ሳትተኛ ስትሠራ አድራ፣ ጠጕሯ እንኳ ተቈርጦ፣ ያችን አንድ መቶ ግራም ማውረድ ሳይቻላት ቀረ፤ ከዚያም ውኃ ስለጐደላት ሐኪም ቤት ገባች፣ በማግስቱም ከትግል መሰናበቷን ተናገረች። በዚያች ሴት ድካም የምፈርድበት አፍ የለኝም፤ እንዲህ ያለ ሌሊት ለታጋይ እንደ ተራ ሌሊት የሚቈጠርበትን ልማድ ግን እቃወማለሁ።

አሁን፣ ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድ የትግል ልጅ የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ እርሱም መልስ የሚገባው ነው። ሌሎቹ ሁሉ ቀንሰው ሲመጡ እኔ ብቻዬን በክብደቴ ብቀር፣ በተፈጥሮው ከእኔ የሚገዝፍ ሰው ይገጥመኛል፣ ይለኛል። እውነት ነው። ስለዚህም ነገሩ በምክርና በተግሣጽ ብቻ አይስተካከልም፤ አንዱ ብልህ ሆኖ በመቅረቱ የሚጐዳበትን ውድድር ሊያቃና የሚችለው ሁሉን እኩል የሚያስገድድ ደንብ ነው።

ክብደቱን በእውነት መቀነስ የሚያስፈልገው ታጋይ አይኖርም ማለቴም አይደለም፤ መንገዱ ግን የቀናት ሳይሆን የወራት ነው። አንድ ኪሎ ጮማ 7700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ ከዕለት ምግቡ 500 ካሎሪ የሚያጐድል ሰው በሳምንት የሚቀንሰው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ አራት ኪሎ ለማውረድ እንግዲህ ሁለት ወር ያሻዋል። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ከእንጀራው ሳይሆን ከንጥር ቅቤውና ከዘይቱ ነው፤ የቅቤ አንድ ግራም ጮማ 9 ካሎሪ ሲሰጥ የእህሉ አንድ ግራም 4 ብቻ ይሰጣልና። ቅቤ የጠገበው ጨጨብሳ ለበዓል ይቈይ፤ ጠላውና አረቄው ይቅር፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀነስ። የሥጋ ገንቢ የሆነውን ፕሮቲን ግን መቀነስ አይገባም፤ በሥልጠና ላይ ሆኖ ክብደቱን የሚቀንስ ሰው በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎው ከ1.6 እስከ 2.4 ግራም እንዲያገኝ ይመከራል፣ አለዚያ ጡንቻው አብሮ ይቀልጣል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላና የአተር ክክ፣ እንቁላል፣ ወተትና አይብ በየቤታችን አሉ፤ እንጀራና ሽሮም አብረው ሲበሉ አንዱ የጐደለውን ሌላው ስለሚሞላ፣ እናቶቻችን ያለ ቤተ ሙከራ ያገኙት ጥበብ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ፣ በቁመቱ የበሰለና በአጥንቱ የሰፋ ልጅ ወደ ታች ከመጐተት ይልቅ ወደ ላይኛው ክፍል ቢያልፍ የሚሻለው ብዙ ጊዜ ነው፤ ለእርሱም ከገብስ በሶና ከቅቤ የሚሠራው ጩኮ ከወተት ጋራ ከማናቸውም በቆርቆሮ ከሚሸጥ ዱቄት የማያንስ ስንቅ ነው።

ላቡ ፈስሶ የደከመውን ወጣት ለመመለስም ቀላል መንገድ አለ፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፣ ጥቂት በጥቂት መጠጣት ነው። የአምቦ ውኃም ማዕድን ያለበት መሆኑ ባይካድም፣ ጋዙ ሆድን ስለሚነፋ በአንድ ጊዜ የሚፈለገውን ያህል ለመጠጣት አይመችም። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት የተባለችው አምቦ የታወቀችበት ፍል ውኃም ከሥልጠና በኋላ ጅማትን ሊያፍታታ ይችላል፤ ኪሎ ለመጣል ሲባል በሙቅ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ መዋል ግን በ1990 ዓ.ም. ሰው ከሞተበት መንገድ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

ስለ ጾምም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ አለ፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ረመዳን አላቸው። አንዳንድ አሠልጣኝ ታጋዩን፣ ጾም ላይ ስለሆንክ በዚያው ኪሎህን ቀንስ ሲለው እሰማለሁ፤ ይህ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማደባለቅ ነው። ጾም ሰዓት ያለው፣ መፍቻ ያለው፣ ለነፍስ የሚደረግ ሥርዐት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛውንና ሕፃኑን አታስገድድም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሰውነትን መግዛት የታጋይ ግብር መሆኑን ያነሣው ሰውነትን ስለ መግደል አይደለም። የሚጾም ታጋይ ከባዱን ሥልጠና ከመፍቻው ሰዓት በኋላ ያድርገው፤ በማዕዱም ላይ ምስርና ሽምብራ ይብዛለት፤ ውኃውንም እስኪተኛ ድረስ በዕረፍት ይጠጣ። ሥርዐተ ጾምን በመጠበቅ ብቻ ክብደቱ ቢቀንስ ደግ፤ ጾሙን ለሚዛን አገልጋይ ማድረግ ግን ለእምነቱም ለጤናውም አይበጅም።

ከሁሉም በላይ የማዝነው ለልጆቹና ለልጃገረዶቹ ነው። አጥንቱ ገና የሚያድግ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምግብ ሲከለከል የሚያጣው ክብደት ብቻ ሳይሆን ቁመትም ሊሆን ይችላል፤ ሴት ልጅም ከምታወጣው ኀይል ያነሰ ምግብ ስትበላ ብትቈይ የወር አበባዋ ይቋረጣል፣ አጥንቷም ይሳሳል፤ ይህን ምልክት ከወንድ አሠልጣኟ ፊት አፍራ ስለምትደብቀው ሳይታወቅ ብዙ ወራት ያልፋል። የሴቶች ትግል ወደ ኦሊምፒክ የገባው ከሃያ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ቢሆንም፣ የእኛ ልጃገረዶች ሲጀምሩት የሌሎችን ጥፋት እንዲደግሙ የሚያስገድዳቸው ምክንያት የለም።

የምለምነው ስለዚህ ይህ ነው። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተመሠረተው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የስፖርት ሳይንስም የሕክምናም መምህራን ያሉት ስለሆነ፣ ከምዕራብ ሸዋ ዞን የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጋራ ሆኖ፣ የሚመጣው የውድድር ዘመን ሳይከፈት እያንዳንዱን ተወዳዳሪ ጠግቦና ጠጥቶ ሳለ ይመዝን፤ በዚያ መዝገብ የተጻፈው ክፍል ለዘመኑ ይጽና፤ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ታች እንዲወርድ ፈጽሞ አይፈቀድ። መመዘኛው በዋዜማው ማታ ሳይሆን በውድድሩ ጧት፣ ከመጀመሪያው ትግል በፊት ባለው ሰዓት ይሁን። ላስቲክ ለብሶ የተገኘ ተወዳዳሪ ይታገድ። ከንፈሩ ደርቆና ዐይኑ ጐድጕዶ ወደ ሚዛን የቀረበ ልጅ ሲገኝም፣ ኪሎው በልኩ ቢሆን እንኳ፣ በስፍራው ያለው ሐኪም ከውድድሩ እንዲያወጣው ሥልጣን ይሰጠው፤ በዚያ ቀን መልስ የሚጠየቀውም ልጁ ሳይሆን አሠልጣኙ ይሁን።