ካሜራው አልተበላሸም፣ ጋቢው ነው

«መምህር፣ ካሜራዬ አብዷል፤ አንዱን ፎቶ ያጠቁራል፣ ሌላውን ያነጣል» የምትሉኝ በዝታችኋል። ለጥገና አዲስ አበባ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ካሜራው የሚለካው የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው፤ 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ዓይነት። ደብረ ብርሃን ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ስታነሱ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ጋቢው አመድ ይመስላል፣ ፊታቸው ይጠፋል። አጠገባቸው ጥቁር የመንዝ በርኖስ የለበሱትን ስታነሱ ደግሞ ይጨምራል፣ በርኖሱ ይገረጣል። ፀሐዩ ያው፣ ቦታው ያው! የአንኮበር ጉም ሲጨመርበትማ አያድርስ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ጥላ ውስጥ ያለ ግድግዳ ከቦታችሁ ሳትነቃነቁ አምስት ጊዜ አንሱ። አምስቱ እኩል ከሆኑ ካሜራው ጤነኛ ነው፤ ከተለያዩ ሌንስ ቀይራችሁ ድገሙት።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ፊትን በአፕ ማንጣት። የጥምቀት ፎቶ ላይ የእናቶቻችንን ፊት ያጠቆረው ነጠላቸው እንጂ መልካቸው አይደለም፤ ምን አድርጉ ነው የምትሏቸው? ፕላስና ማይነስ ያለባትን ቁልፍ ይዛችሁ ወደ ፕላስ 1 ውሰዷት፣ በቃ።

ሠርግ የምትሠሩ ደግሞ፣ ቬሎና ጥቁር ሱፍ ጎን ለጎን ሲቆሙ ማንዋል ላይ አድርጉ፤ ፊታቸው ደህና እስኪወጣ አስተካክሉና ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ አትነካኩት።